ጅማ ላይ ለካምፓስ ህንፃ የትኛው ጣሪያ ይሻላል? የአምስት አማራጮች ንጽጽር

የዩኒቨርሲቲ ወይም የኮሌጅ ህንፃ የሚያሠራ ኮሚቴ ሲሰበሰብ ክርክሩ ብዙ ጊዜ በፎቁ ብዛት፣ በመስታወቱና በቀለሙ ላይ ነው። ጣሪያው አማካሪው ካለፈው ፕሮጀክት በገለበጠው ዲዛይን ዝም ብሎ ያልፋል። ያ ዲዛይን ደግሞ ለድሬዳዋ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ድሬዳዋ የዚህን ግማሽ እንኳ አትሞላም። ጅማ ላይ ዝናቡ ሐምሌና ነሐሴን ብቻ ጠብቆ የሚመጣም አይደለም፤ ከመጋቢት ጀምሮ እየበረታ ሄዶ እስከ መስከረም ይዘልቃል።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 600 ካሬ ጣሪያ ያለው ተራ የተማሪዎች ዶርም በዓመት 900,000 ሊትር ውሃ አናቱ ላይ ይቀበላል ማለት ነው። ጣሪያ መምረጥ የዚህን ውሃ መንገድ መምረጥ ነው።

ይህ መመሪያ ለህንፃ ኮሚቴዎች፣ ለግል ኮሌጅ ባለቤቶች፣ ለጥገና ክፍል ኃላፊዎችና ለአማካሪዎች የተጻፈ ነው። የፋብሪካ ስም አንጠራም፤ አንድ ዓይነት ቆርቆሮ ከየትም ቢገዛ የሚያበላሸው አገጣጠሙ ነውና።

በመጀመሪያ መመዘኛዎቹ

የውሃው መንገድ። ከጣሪያው ጫፍ እስከ ግቢው ቦይ ድረስ ውሃው ስንት ጊዜ ይታጠፋል? ስንት መገጣጠሚያ ያልፋል? አንዱ ቦታ ቢዘጋ ትርፉ ወደ ውጭ ይፈሳል ወይስ ወደ ክፍል ይገባል? ከሁሉም ጥያቄዎች ይህ የመጨረሻው ይበልጣል።

ድምፅ። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ የመምህሩ ድምፅ ሦስተኛው ረድፍ አይደርስም። ጅማ ላይ ይህ በዓመት ሁለት ሳምንት የሚታገሡት ችግር አይደለም፤ የሁለተኛው ሴሚስተር ትልቁ ክፍል የሚሰጠው በዝናብ ወራት ነው።

ከታች የሚመጣ እርጥበት። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ እስከ 10 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ሃምሳ ሰው በተኛበት ፎቅ የሚወጣው ትንፋሽ ወደ ላይ ሄዶ የቀዘቀዘውን ቆርቆሮ ሲነካ ጠል ይሆንና ይንጠባጠባል። ተማሪው «ጣሪያው ያፈሳል» ብሎ ያመለክታል፤ ጥገና ክፍሉ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል። ቀዳዳ የለም። የጎደለው የአየር መተላለፊያ ነው።

ክብደትና መሬቱ። የጅማ አፈር በብዙ ቦታ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ሸክላማ አፈር ነው። ወደ ኪቶ ፉርዲሳ ዝቅ ያለው ሜዳ ደግሞ ረግረጋማ ነው። በዚህ ዓይነት መሬት ላይ አንድ መቶ ቶን መጨመርና መቀነስ የመሠረቱን ዋጋ ይለውጠዋል። ከጣሪያ ወርዶ ግድግዳው ሥር የሚጠራቀም ውሃም ያንኑ አፈር ያሳብጠዋል፤ በግድግዳ ጥግ ላይ በሰያፍ የሚወጡት ስንጥቆች ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጡ ናቸው።

ማን ይጠግነዋል? ቆርቆሮ የሚቀይር አናጺ ጅማ ውስጥ በየሰፈሩ አለ። ሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ የሬንጅ ምንጣፍ) በጋዝ እሳት እያቀለጠ በትክክል የሚያነጥፍ ባለሙያ ግን እንደልብ አይገኝም፤ ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ይመጣል።

ዋጋ። የቆርቆሮውን ዋጋ ከሶሌታው (ከጠፍጣፋው የአርማታ ጣሪያ) ዋጋ ጋር ብቻውን አያወዳድሩ። ተሸካሚው፣ ኮርኒሱ፣ አሸንዳው፣ መውረጃ ቱቦው፣ የመሠረቱ ልዩነትና የአሥር ዓመት ጥገናው አብረው ተደምረው «አንድ ካሬ ስንት ወጣበት?» መባል አለበት። ኮሚቴዎች ከሚስቱባቸው ስሌቶች ዋናው ይህ ነው።

አንደኛ፦ ቆርቆሮ በእንጨት ተሸካሚ

ርካሹ፣ ፈጣኑና ማንም የሚያውቀው አማራጭ ነው። የባህር ዛፍ ወራጅ፣ በላዩ ሞራሌ፣ በላዩ ቆርቆሮ። ለባለ አንድ ፎቅ መማሪያ ክፍል፣ ለሠራተኛ መኖሪያ፣ ለጥበቃ ቤትና ለመጋዘን ይበቃል። በሁለት ግድግዳዎች መካከል ያለው ርቀት ከ7 እስከ 8 ሜትር ካለፈ ግን እንጨቱን ይተዉት።

በቆርቆሮ ግዥ ላይ የጌጅ (የውፍረት መለኪያ) ቁጥሩ ሲያድግ ውፍረቱ ይቀንሳል፤ ይህን የማያውቅ ግዥ ክፍል «35 ከ28 ይበልጣል» ብሎ ይሸወዳል። 28 ጌጅ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ 30 ጌጅ 0.3፣ 32 ጌጅ 0.25፤ 35 ጌጅ ከ0.2 በታች ነው። ለካምፓስ ህንፃ ከ28 የቀጠነ አይቀበሉ። 32 እና 35 ጌጅ ላይ ለጥገና የወጣ ሰው ሲረግጠው ይጎደጉዳል፤ የጎደጎደው ቦታ ውሃ ይቋጥራል፤ ውሃ የቋጠረው ቦታ ይዝጋል። ውፍረቱን ሻጩ በለጠፈው ወረቀት ሳይሆን በማይክሮ ሜትር ይለኩ፣ ከአንድ ጭነት ቢያንስ አምስት ቅጠል በተለያየ ቦታ ያንሱ።

የሚበላሸው ከእንጨቱ ነው። እርጥብ ባህር ዛፍ ተቸኩሎ ይመታል፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሚስማሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ የሚስማሩ ራስ ከቆርቆሮው ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል፤ ውሃ በዚያ ይገባል። ከዚያ ጥገና ክፍሉ ሬንጅ ይቀባበታል፣ ሬንጁ በፀሐይ ይሰነጠቃል፣ በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ያፈሳል። መፍትሔው ሁለት ነው፤ እንጨቱ ተቆርጦ፣ ተልጦና በጥላ ተደርድሮ ቢያንስ ሦስት ወር ይድረቅ፤ ቆርቆሮው ደግሞ በተራ ሚስማር ሳይሆን የጎማ ዋሸር ባለው ብሎን ይታሰር። ብሎኑ ጎማው ጠበቅ እስኪል ብቻ ይጠበቃል፤ ጎማው ወደ ውጭ ተዘርግቶ ከወጣ ከመጠን በላይ ተጠብቋልና ቶሎ ይሰነጠቃል።

ምስጥ ሌላው ጠላት ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ቢሆንም ላዩን ብቻ ነው የሚይዘው፤ በተቆረጠበት ጫፍ በኩል ምስጡ ይገባል። የፀረ ምስጥ መድኃኒት ከተገዛ እያንዳንዱ የተቆረጠ ጫፍ ለጥቂት ደቂቃ ተነክሮ ይቆይ።

ተዳፋቱ ለተራ ሞገደኛ ቆርቆሮ ከ15 ዲግሪ በታች አይሁን፤ በእያንዳንዱ ሜትር ወደ 27 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ማለት ነው። የቆርቆሮው የጎን መደራረብ ሁለት ሞገድ፣ የራስጌው 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ተቋራጩ ከቅጠል ለመቆጠብ አንድ ሞገድ ብቻ ደርቦ ሲያልፍ ያገኙታል፤ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ በዚያ በኩል ወደ ላይ ይገባል።

ሁለተኛ፦ ኢጋ ቆርቆሮ በብረት ተሸካሚ

ለአብዛኛው የካምፓስ ህንፃ ሚዛናዊው ምርጫ ይህ ነው። ብረቱ አይጣመምም፣ ምስጥ አይበላውም፣ ለ12 ወይም ለ15 ሜትር ስፋት አዳራሽ በቀላሉ ይዘረጋል። ቆርቆሮውና ብረቱ አንድ ላይ በካሬ ሜትር ከ25 ኪሎ ብዙም አይዘልም።

ኢጋ ሞገዱ ክብ ሳይሆን ማዕዘናዊ የሆነ ቆርቆሮ ነው፤ ጥቅሙ ረጅም ሆኖ መመረቱ ነው። ከኮልሞው (ከጣሪያው አናት ክዳን) እስከ አሸንዳው አንድ ቅጠል ከሆነ መሀል ላይ የራስጌ መገጣጠሚያ የለም፤ ከመገጣጠሚያዎች ብዙ ፍሳሽ የሚመጣው ከዚያ ነው። ነገር ግን ከ12 ሜትር በላይ የሆነ ቅጠል በጊቤ በረሃ መታጠፊያዎች ተጭኖ ሲመጣ ይጣመማል፣ ሲወርድ ቀለሙ ይፋቃል። ስለዚህ ተዳፋቱ በአንድ ወገን ከ12 ሜትር እንዳይበልጥ ንድፉ ላይ መወሰን ይሻላል።

ብረት በሙቀት ይለጠጣል። ሌሊት 10 ዲግሪ፣ ቀትር ላይ 50 ዲግሪ የሚደርስ የ12 ሜትር ቅጠል ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ ሲመሽ ይመለሳል። ይህ በየቀኑ ነው። ኮልሞው ከቅጠሉ ጋር በሲሊከን ብቻ ከተጣበቀ በሁለት ዓመት ይላቀቃል፤ ኮልሞ በየጎኑ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ተደርቦ፣ ሥሩ በቆርቆሮው ቅርጽ በተቆረጠ ስፖንጅ ተዘግቶ መታሰር አለበት።

በሥራው ጊዜ ሁለት ነገር ይከታተሉ። የመጀመሪያው ብየዳው ነው፤ በያጁ ከበየደ በኋላ ዝገት መከላከያ ቀለም የሚነካው ላዩን ብቻ ከሆነ ብረቱ ኮርኒስ ተሸፍኖበት ሳይታይ ይበሰብሳል። ኮርኒስ ከመዘጋቱ በፊት እያንዳንዱ የብየዳ ነጥብ በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ ሁለት ዙር ይቀባ። ሁለተኛው የቁፋሮ ብናኝ ነው። ብሎን ሲገባ የሚወጣው ትኩስ የብረት ብናኝ ቆርቆሮው ላይ ካደረ በማግስቱ ዝናብ ዝጎ ቀለሙን ይበላል። ሠራተኛው ከመውረዱ በፊት በመጥረጊያ ይጥረገው፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

የዚህ አማራጭ ድክመት ድምፅና ጠል ነው። ኮርኒስ ብቻውን አይበቃም። ከቆርቆሮው ሥር ወይም ከኮርኒሱ በላይ 5 ሴንቲ ሜትር የመስታወት ሱፍ ቢነጠፍ ድምፁ ይረግባል። ከጣሪያው ጫፍ ሥር ወንፊት ያለው የአየር ማስገቢያ፣ ከኮልሞው አካባቢ ደግሞ ማስወጫ ካልተተወ ሱፉ ራሱ ውሃ ጠጥቶ ይበሰብሳል። ቺፑድ ኮርኒስ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ይጎብጣል፣ ቢጫ ክብ ይወጣዋል፤ ለመታጠቢያ ቤትና ለኩሽና በፍጹም አይምረጡት።

ሦስተኛ፦ ባዶ ሶሌታ

ድምፅ የለውም፣ ሌባ አይገባበትም፣ ነፋስ አይገነጥለውም፣ የውሃ ታንከርና የፀሐይ ፓነል ይሸከማል። ጅማ ላይ ግን ከአምስቱ አማራጮች ትልቁን ጥንቃቄ የሚፈልገው እሱ ነው።

ክብደቱን እንይ። የ15 ሴንቲ ሜትር አርማታ በካሬ 375 ኪሎ ነው። ለተዳፋት የሚነጠፈው ሊሾ ሲጨመር ወደ 500 ይጠጋል። ለ600 ካሬ ጣሪያ 300 ቶን መሆኑ ነው፤ ይህ ሁሉ በምሶሶዎቹ ወርዶ በዚያ ሸክላ አፈር ላይ ያርፋል።

ተዳፋቱ 2 በመቶ ይሁን፣ በሜትር 2 ሴንቲ ሜትር። ውሃው መውጫ ለመድረስ 10 ሜትር የሚጓዝ ከሆነ ሊሾው በአንዱ ጫፍ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወፍራል፤ ክብደቱም ዋጋውም ይጨምራል። ስለዚህ መውጫዎቹ ውሃው ከ5 ሜትር በላይ እንዳይሄድ ሆነው ይደልደሉ። ለእያንዳንዱ ክፍልፋይ ቢያንስ ሁለት መውጫ ይኑር፤ ፓራፔቱ (በጣሪያው ዙሪያ ከፍ ብሎ የሚቆመው ግድግዳ) ላይ ደግሞ ከሜምብሬኑ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የትርፍ ውሃ ማስተንፈሻ ቀዳዳ ይተው። መውጫዎቹ በግራቪሊያ ዛፍ ቅጠል ሲዘጉ ውሃው በዚያ ተወርውሮ ወደ ውጭ ይፈሳል፤ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ጥገናም ይጠራል። ማስተንፈሻ ከሌለ ጣሪያው ገንዳ ይሆናል።

ሜምብሬን ሲነጠፍ ከታች ያለው አርማታ ደረቅ መሆን አለበት። ፈተናው ቀላል ነው፤ አንድ ካሬ ሜትር ፕላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቀው ያሳድሩት፣ ጠዋት ከሥሩ ጠብታ ካለ ገና ነው። በእርጥብ አርማታ ላይ የተነጠፈ ሜምብሬን ፀሐይ ሲመታው እንፋሎት ከሥሩ ይነሳና ያሳብጠዋል። የጎን መደራረቡ 10፣ የራስጌው 15 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ፓራፔቱ ላይ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ወጥቶ ግድግዳው ውስጥ በተቆረጠ ቀጭን ቦይ ይግባ፤ ከላይ ኮፐርቲና (የግድግዳው አናት ክዳን) ይሸፍነው። ጥጉ 90 ዲግሪ ሆኖ ከተነጠፈ ይሰነጠቃል፣ አስቀድሞ በሲሚንቶ ክብ ቅርጽ ሊሰጠው ይገባል።

የአርማታው ጥራት አሸዋው ላይ ይወድቃል። ጅማ ላይ አሸዋ ከጋምቤላ፣ ከወራቤና ከጨዋቃ ድረስ ተጭኖ ስለሚመጣ የአንዱ መኪና ከሌላው ይለያል። ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ አሸዋና ጨው የገባበት ውሃ አድርጎ መነቅነቅና ሦስት ሰዓት ማቆየት ነው፤ ከላይ የሚረጋው ደቃቅ ጭቃ ከአሸዋው ከፍታ ከ6 በመቶ ካለፈ መኪናው ይመለስ።

«ወደፊት ፎቅ ይጨመርበታል» ተብሎ ወደ ላይ ተዘርግተው የቀሩ ፌሮዎች ለየት ያለ ችግር ናቸው። ውሃ ፌሮውን ተከትሎ ወደ ምሶሶው ይወርዳል፣ ዝገቱ ሲያብጥ አርማታውን ይፈነቅላል፤ ከታች ባለው ክፍል ምሶሶው ጥግ ላይ ቡናማ መስመር ይታያል። ፎቁ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚጨመር በጀቱ ካልተረጋገጠ ፌሮዎቹ በስስ አርማታ ይታሸጉና ጊዜያዊ ቆርቆሮ ይልበሱ።

አራተኛ፦ ሶሌታ፣ በላዩ ቆርቆሮ

ይህ ብዙ ጊዜ ባዶው ሶሌታ ማፍሰስ ከጀመረ በኋላ እንደ መድኃኒት የሚመጣ ነው። ከመጀመሪያው ቢታሰብ ግን ለጅማ ለውድ ክፍሎች የተሻለ መልስ ነው እንላለን፤ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለላቦራቶሪ፣ ለሰርቨር ክፍልና ለሰነድ መዝገብ ቤት። ሶሌታው ድምፁን ይከላከላል፣ ቆርቆሮው ዝናቡን። ቆርቆሮው ቢያፈስ እንኳ ውሃው መጽሐፍ ላይ ሳይሆን ሶሌታ ላይ ያርፋል፤ ሰው ገብቶ አይቶ ይጠግነዋል። ሜምብሬኑና ወፍራሙ ሊሾ ስለሚቀር ከዋጋው የተወሰነው ይካካሳል።

ሁኔታዎቹ፦ በቆርቆሮውና በሶሌታው መካከል ሰው ተንበርክኮ የሚሄድበት ቦታ ይኑር፣ መግቢያ በር ይኑረው፣ ሶሌታው 1 በመቶ ተዳፋትና መውጫ ይሰጠው፣ ሁለቱ ጎኖች ወፍ በማያስገባ ወንፊት ለአየር ይከፈቱ። በሩ ይቆለፍ። ካልተቆለፈ በሁለት ዓመት ውስጥ የተሰባበረ አልጋና ወንበር መጣያ ይሆናል፤ ክብደቱ ሌላ፣ እሳት ቢነሳ ሌላ።

አምስተኛ፦ ሳንድዊች ፓነል

በሁለት ስስ ቆርቆሮ መካከል ፎም ወይም ሮክዉል (ከድንጋይ የተሠራ ሱፍ) ያለበት ነው። ቶሎ ይገጠማል፣ ጠል አይዝም፣ ኮርኒስም አያስፈልገውም። ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ አንዱ ፓነል ቢጎዳ ተመሳሳዩን በዚያው ቀን ጅማ ገበያ ወጥቶ መግዛት አይቻልም። ነጭ ፎም ያለበት ፓነል በእሳት ይቀልጣል፤ ስለዚህ ለኩሽና፣ ለላቦራቶሪና ለዶርም አይሁን፣ የግድ ከሆነ ሮክዉል ያለበት ይመረጥ። የተቆረጠው ጫፍ ክፍት ከቀረ አይጥና ወፍ ይገቡበታል፣ ውሃም ፎሙ ውስጥ ገብቶ ሌላ ቦታ ይወጣል፤ ምንጩን ማግኘት አድካሚ ነው። ለስፖርት አዳራሽና ለወርክሾፕ ግን ጥሩ ነው።

ከምርጫው የሚበልጥ አንድ ጉዳይ፦ ፓራፔት ጀርባ የተደበቀ አሸንዳ

የቆርቆሮ ጣሪያ ከፊት ሲታይ «ዘመናዊ» እንዲመስል ዙሪያውን ግድግዳ ከፍ ተደርጎ አሸንዳው ከጀርባው ይደበቃል። ለጅማ ይህ ከሁሉም የከፋ ውሳኔ ነው፤ ከላይ ካሉት አምስት አማራጮች አንዱን በትክክል መርጠው እዚህ ላይ ሊሸነፉ ይችላሉ። ከግድግዳ ውጭ የተንጠለጠለ አሸንዳ ሲዘጋ ውሃው ሞልቶ ወደ ግቢ ይፈሳል። የተደበቀው ሲዘጋ ግን ውሃው መሄጃው ወደ ውስጥ ነው። ከታች ደግሞ ኮርኒስ፣ የመብራት ገመድና ተማሪ አለ።

ኮሚቴው አቅም ካለው «ጣሪያው ከግድግዳው ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይውጣ፣ አሸንዳው ከውጭ ይሁን» ብሎ ይወስን። የወጣው ጠርዝ ግድግዳውንና መስኮቱን ከዝናብ ያድናል፤ ቀለም የሚታደስበትን ዘመንም ያራዝማል። አርክቴክቱ ፓራፔት የግድ ካለ አሸንዳው ከ30 ሴንቲ ሜትር ያልጠበበ፣ ሰው ገብቶ በአካፋ የሚጠርገው የአርማታ ቦይ ይሁን፤ ቆርቆሮው ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይንጠልጠል፤ ትርፍ ውሃ ማስተንፈሻም በየጎኑ ይኑር።

ለመውረጃ ቱቦ የተለመደው ስሌት ለአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የቱቦ አፍ ነው። የ110 ሚሊ ቱቦ አፉ 85 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ 85 ካሬ ጣሪያ ይችላል፤ ለ600 ካሬ ስምንት ቱቦ፣ በየጎኑ አራት። የ75 ሚሊ ቱቦ የዚህን ግማሽ እንኳ አይችልም። ንድፉ 110 ብሎ ሳይት ላይ 75 ሲገጠም ዝም ካሉ የሚመጣው ጎርፍ የታወቀ ነው። ቱቦው ግድግዳው ሥር አያፍስስ፤ በሲሚንቶ ቦይ ከህንፃው ይራቅ ወይም ወደ ታንከር ይግባ።

ወደ ታንከር ማስገባቱን በርቱበት እንላለን። ከ900,000 ሊትሩ አንድ አምስተኛው በትነትና በመጀመሪያ ማጠቢያ ቢጠፋ እንኳ 720,000 ሊትር ለሽንት ቤትና ለጽዳት ይተርፋል። ከእያንዳንዱ ደረቅ ጊዜ በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ ውሃ፣ ለ600 ካሬ ከ300 እስከ 600 ሊትር፣ አቧራና የወፍ ኩስ ስላለበት በተለየ ቱቦ ይጣል። ከሜምብሬን ጣሪያ የሚወርድ ውሃ ለመጠጥ አይሁን።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| መመዘኛ | ቆርቆሮ በእንጨት | ኢጋ በብረት | ባዶ ሶሌታ | ሶሌታ ላይ ቆርቆሮ | ሳንድዊች ፓነል |
|---|---|---|---|---|---|
| የመነሻ ዋጋ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ | ከሁሉም ከፍ ያለ | ከፍተኛ |
| ክብደት | ቀላል | ቀላል | በጣም ከባድ | በጣም ከባድ | ቀላል |
| የዝናብ ድምፅ | ከፍተኛ | ሱፍ ካልተነጠፈ ከፍተኛ | የለም ማለት ይቻላል | የለም ማለት ይቻላል | መካከለኛ |
| ጠል | አለ | አለ፣ አየር ካልተተወ | ትንሽ | ትንሽ | ትንሽ |
| ዋና መበላሻው | እንጨትና ሚስማር | ኮልሞ፣ ብየዳ | መውጫና ፓራፔት ጥግ | የተዘነጋ ክፍተት | የፓነል ጠርዝ |
| ጠጋኝ ጅማ ላይ | በቀላሉ | በቀላሉ | በችግር | በቀላሉ | በችግር |
| ታንከር ይሸከማል? | አይሸከምም | አይሸከምም | አዎ፣ ምሶሶ ላይ | ቦታ ከተተወ | አይሸከምም |

ለየትኛው ህንፃ የትኛው?

ለባለ ሦስትና አራት ፎቅ ዶርም ኢጋ በብረት፣ ከውጭ አሸንዳ ጋር። የውሃ ታንከሩ ለብቻው ማማ ይሠራለት ወይም ደረጃው ያለበት ክፍል ብቻ በሶሌታ ይዘጋና ታንከሩ እዚያ ይቀመጥ፤ 5,000 ሊትር ታንከር ሲሞላ 5 ቶን ነው፣ ከሶሌታው መሀል ሳይሆን ከምሶሶና ከቢም በላይ ይረፍ።

ለሌክቸር አዳራሽ ስፋቱ ኢጋን ያስገድዳል፤ በጀቱ ግን ለመስታወት ሱፍ የሚሆን ከሌለው ከግድግዳ ሴራሚክ ተቀንሶ ለሱፉ ይሰጥ። የመምህሩ ድምፅ የማይሰማበት አዳራሽ በዝናብ ወራት እንደተዘጋ ይቆጠራል።

ቤተ መጻሕፍትና ላቦራቶሪ ላይ አራተኛውን ሳያቅማሙ ይምረጡ። የላቦራቶሪው ጭስ ማውጫ ቱቦ ቆርቆሮውን በስቶ የሚወጣ ከሆነ በኮልሞው አጠገብ ይውጣ፣ ከላዩ የሚወርድ ውሃ የሚያገኘው እዚያ በትንሹ ነው።

የተማሪዎች ምግብ ቤት ኩሽና በእንፋሎትና በጭስ ምክንያት ተራ ቆርቆሮን ከሥሩ ይበላዋል። ሁለቱም ፊቱ ቀለም የተቀባ ኢጋ፣ ሰፊ የኮልሞ ማስተንፈሻ፣ ኮርኒስ የሌለው ከፍ ያለ ጣሪያ ይሁንለት።

በኪራይ ግቢ ለሚጀምር የግል ኮሌጅ 28 ጌጅ ቆርቆሮ በደረቀ እንጨት በቂ ነው፤ ገንዘቡን በብሎንና በአሸንዳ ላይ ያውጡት። ባዶ ሶሌታን የምንመክረው ፎቅ እንደሚጨመርበት በጀቱ ለተያዘለት ህንፃ፣ ወይም ጣሪያው ላይ ወጥቶ የሚጠርግ ሰው በስም ለተመደበለት ግቢ ብቻ ነው።

ጊዜውና ርክክቡ

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ክረምቱ መሀል ላይ። ጨረታው በነሐሴና በመስከረም ካለቀ የጣሪያው ሥራ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ይውላል። ጣሪያው ወደ ሚያዝያ ከተንሸራተተ ሜምብሬን ማንጠፍ አይሞከር፤ ቆርቆሮም ቢሆን ከኮርኒሱ በፊት ይገባ፣ ኮርኒሱ ዝናብ ካየ በኋላ ይዘጋ። ለነባር ህንፃ የአሸንዳና የመውጫ ጠረጋ በየካቲት መጨረሻ ይጀምርና በግንቦትና በነሐሴ ይደገም። ቆርቆሮ ላይ የሚወጣ ሰው ብሎን የተሰለፈበትን መስመር ይርገጥ፣ ሥሩ ተሸካሚ አለና።

ሶሌታን ሲረከቡ መውጫዎቹን ደፍነው 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ለ48 ሰዓት ያቁሙበት፣ ከዚያ ከታች ኮርኒስ ሳይኖር በባትሪ ብርሃን ያዩት። ቆርቆሮን ከታች ወደ ላይ እየወጡ በጎማ ውሃ ይርጩ፣ በአንድ ቦታ አሥር ደቂቃ፤ ከላይ ከጀመሩ ውሃው ሁሉንም ስለሚያረጥበው የገባበትን መለየት አይቻልም። ከጊዜያዊ ርክክብ እስከ መጨረሻው ርክክብ አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ነው። ውሉ ላይ አንድ መስመር ያስጨምሩ፦ የመጨረሻው ርክክብ የሚፈረመው ህንፃው ከመጋቢት እስከ መስከረም ያለውን አንድ ሙሉ ዝናብ አሳልፎ፣ በጥቅምት ከጣሪያው ሥር ተገብቶ ከታየ በኋላ ነው። ከተቋራጩ ክፍያ የተያዘው የመያዣ ገንዘብም እስከዚያ ይቆይ።